ዓሣዬ አርጅቶ ነው ወይስ ታሞ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ቤታቸው፣ ሱቃቸው ወይም ካፌያቸው ውስጥ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች የሚጠይቋቸው ናቸው። ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ እምነት አለኝ፦ “አርጅቷል” የሚለው ፍርድ ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ነው። መዳን የሚችሉ ብዙ ዓሦች የሚሞቱት “ዕድሜው ነው” ተብለው ስለሚተዉ ነው።

ዓሣዬ ፈዟል፣ ምግብም እየተወ ነው። ከሁሉ በፊት ምን ልመልከት?

መቼ ጀመረው? ስንቶቹን ያዘ? ውኃው እንዴት ነው?

እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በወራት ውስጥ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ መዋኘቱ ይዘገያል፣ ምግቡ ጋ ከሌሎቹ በኋላ መድረስ ይጀምራል። ትናንት ሲሯሯጥ የነበረ ዓሣ ዛሬ ጥግ ይዞ ከዋለ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ማንም በአንድ ሌሊት አያረጅም። እርጅና በተናጠል የሚይዝ ነገርም ነው። በተለያየ ጊዜ የገዛችኋቸው ሦስት አራት ዓሦች በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ከደከሙ ወይ ውኃው ተበላሽቷል፣ ወይ ተላላፊ በሽታ ገብቷል።

ውኃውን የምትለኩበት ነገር ካላችሁ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመነጩት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ናይትሬት ደግሞ በሊትር ከ40 ሚሊግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ እስኪገኝ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ከገንዳው ሩብ ያህሉን፣ ክሎሩ በወጣለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር በተቀራረበ ውኃ ቀይሩ። ዓሣው በማግሥቱ ነቃ ካለ ምክንያቱ ውኃው እንደነበር አወቃችሁ ማለት ነው። ክሎር የሚወጣው የቧንቧ ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሳይከደን አንድ ቀን ሲያድር ነው። ከሮቶ የሚቀዳ ውኃ ተከድኖ የቆየ ስለሆነ ክሎሩ ወጥቶለታል ብላችሁ አትተማመኑ፤ እሱንም አሳድሩት።

ለመሆኑ የአኳሪየም ዓሣ ስንት ዓመት ይኖራል?

እንደ ዝርያው በጣም ይለያያል፤ ይህንን አለማወቅ ነው ብዙውን ስሕተት የሚያመጣው። ጋፒ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይኖራል። ቤታም ከ2 እስከ 4 ዓመት ነው፤ ሱቅ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖታል፣ ስለዚህ በገዛችሁት በሁለተኛው ዓመት ቢደክም አያስገርምም። ሞሊ፣ ፕላቲና ሶርድቴይል ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያሉ፤ ኒዮን ቴትራ በደህና ውኃ 5 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ኤንጀልፊሽ 10 ዓመት፣ ኦስካር ከ10 እስከ 15፣ ጎልድፊሽ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራሉ።

በእንግሊዝ አገር ቲሽ የሚባል ጎልድፊሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ስታይንሃርት አኳሪየም ደግሞ ማቱሳላ የተባለ ሳንባ ያለው የአውስትራሊያ ዓሣ አለ፤ ወደዚያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በሌላው ጫፍ በዚምባብዌና በሞዛምቢክ ዝናብ በሚፈጥራቸው ኩሬዎች የሚኖር ኪሊፊሽ አለ፤ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ አርጅቶ የሚሞተው በጥቂት ወራት ነው። ሳይንቲስቶች ስለ እርጅና ለማጥናት የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓመት የሞላው ጋፒ ሽማግሌ ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላው ጎልድፊሽ ግን ገና ልጅ ነው። ጎልድፊሻችሁ በሁለት ዓመቱ ከፈዘዘ “አርጅቷል” የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

ሙቀትም ዕድሜን ይቀይራል። ዓሣ የራሱን ሙቀት ስለማይሠራ ውኃው በሞቀ ቁጥር ሰውነቱ ይፈጥናል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በ29 ዲግሪ የሚኖር ጋፒ በ24 ዲግሪ ከሚኖረው ቀድሞ ያረጃል።

ዕድሜውን ከመጠኑ መገመት እችላለሁ?

አትችሉም። በጠባብ ገንዳ ያደገ ጎልድፊሽ ቀጭጮ ስለሚቀር አምስት ዓመት ሆኖትም ጫጩት ሊመስል ይችላል። ተመራማሪዎች የዓሣን ዕድሜ የሚያነቡት ጆሮው ውስጥ ባለች ትንሽ ድንጋይ ወይም በቅርፊቱ ላይ ባሉ ቀለበቶች ነው፤ ድንጋይዋ የምትወጣው ደግሞ ከሞተ ዓሣ ነው። ለእኛ የሚሆነው የተገዛበትን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ገንዳው ጀርባ ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ትክክለኛ እርጅና ምን ይመስላል?

ቀለሙ ከሆዱና ከጭራው ጀምሮ ይሳሳል። የጀርባው ሥጋ ይቀንስና ከላይ ሲያዩት ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የሰፋ ይመስላል። ክንፎቹ ጫፋቸው ይነጫል፣ ትንሽ ከተቀደዱም እንደ ድሮው ቶሎ አይተኩም። ቀኑን በብዛት ተኝቶ ወይም ቅጠል ላይ ተደግፎ ያሳልፋል። ወንዱ ሴቷን ማባረር ይተዋል፣ ሴቷ መውለድ ታቆማለች ወይም ጥቂት ብቻ ትወልዳለች። የዓይን ሞራም ሊያወጣ ይችላል።

ዋናው ምልክት ግን ይህ ሁሉ እያለም ምግብ ሲያይ መምጣቱ ነው። ይዘገያል፣ ይስታል፣ ጥቂት ይበላል፤ ግን ይመጣል። ስንጥቡም በረጋ ሁኔታ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምግብ ፊቱ ላይ ወድቆ ዞር የሚል፣ ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር ያጣበቀ፣ ላይኛው ውኃ ላይ አፉን እየከፈተ የሚተነፍስ ወይም ሰውነቱን ድንጋይ ላይ የሚያሽ ዓሣ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን ታሟል።

ጀርባው ጎብጧል። ይህስ የእርጅና አይደለም?

ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ግን ይኸው ነው። ያረጀ ጋፒ በእውነት ይጎብጣል። ሲወለድ ጀምሮ ጎባጣ የሆነም አለ፣ እሱ በዘር የመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ቫይታሚን ሲ ያጣም ይጎብጣል፤ ቫይታሚኑ ከተከፈተ ምግብ ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ በፌስታል ተመዝኖ የተሸጠ፣ ለወራት የቆየ ምግብ ብቻ የሚበሉ ዓሦች ይህ ይደርስባቸዋል።

አራተኛው ምክንያት የዓሣ ቲቢ ነው። የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም የተባለ የባክቴሪያ ወገን ነው፤ ከእነዚህ የታወቀው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ይባላል። ዓሣው እየበላ ይመነምናል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ ይጎብጣል፣ አንዳንዴ ዓይኑ ይፈጣል ወይም ሰውነቱ ላይ የማይድን ቁስል ይወጣል። ወራት ስለሚወስድ ቁርጥ እርጅና ይመስላል። የምንለይበት መንገድ አንድ ዓመት ያልሞላው ዓሣም መጉበጡንና ከአንዱ በኋላ ሌላው፣ ከሌላው በኋላ ሦስተኛው መከተሉን በማየት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት “ያረጁ” ዓሦች በየተራ ከሞቱ አንድ ገንዳ ውስጥ ያን ያህል እርጅና የለም።

ይህንን አስረዝሜ የምጽፈው የቤተሰባችሁም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ይህ ባክቴሪያ በተቆረጠ ወይም በተላጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ ጣት፣ እጅ ወይም ክርን ላይ የማይድን እብጠት ይወጣል። ሳንባን ከሚይዘው ቲቢ የተለየ ነው፤ በሳልም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሕክምናው ግን ለወራት መድኃኒት መውሰድ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ገንዳ ውስጥ አታስገቡት፣ ወይም ረጅም ጓንት አድርጉ። ውኃ በቱቦ ስትቀዱ በአፋችሁ አትሳቡ፤ ቱቦውን ሞልታችሁ፣ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ዘግታችሁ አውርዱት። ሐኪም ዘንድ ከሄዳችሁ አኳሪየም እንዳላችሁ ራሳችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ሊገምተው አይችልም።

ለዓሣው ለቤት የሚሆን አስተማማኝ መድኃኒት የለም። የተጠረጠረውን ለዩ፣ ለጊዜው አዲስ ዓሣ አታስገቡ፣ መረቡንም ለሌላ ገንዳ አትጠቀሙበት።

ዓሦቼ በሙሉ ቀስ በቀስ ደከሙ፤ አብረው የተገዙ ስለሆነ አብረው አረጁ ማለት ነው?

አብሮ የተገዛ ጋፒ ከሆነ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ውኃው ማርጀቱን ነው።

ለወራት የሚተነውን ብቻ እየሞሉ ሳይቀይሩት የሚኖር ገንዳ አለ። ሲተን የሚሄደው ንጹሑ ውኃ ነው፤ ናይትሬትና ሌላው ቆሻሻ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በላዩም ይጨመርበታል። ውኃው አሲድን የሚቋቋምበት የካርቦኔት ክምችቱም ቀስ በቀስ ያልቅና ፒኤች (የውኃውን አሲዳማነት የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ይወርዳል። ፒኤች ወደ 6 ሲጠጋ ፊልተሩ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ያዘገያሉ። የቆዩት ዓሦች ለውጡ ዝግ ያለ ስለሆነ ይለምዱታል፤ አይሞቱም፣ ግን ይደበዝዛሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ማደግ ያቆማሉ። እዚያ ላይ አዲስ ዓሣ ሲገባ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል፣ ሰውም “አዲሱ በሽተኛ ነበር፤ የእኔዎቹማ ይኸው ደህና ናቸው” ይላል። አዲስ ዓሣ እየሞተ አሮጌው የሚተርፍበት ገንዳ ካላችሁ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ማስተካከያው ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንድ ቀን ግማሹን ውኃ መቀየር ዓሦቹን ሊገድል ይችላል፤ ምክንያቱም ፒኤች ዝቅ ባለበት ውኃ አሞኒያ ብዙም በማይጎዳ መልኩ ተቀምጦ ይቆይና ፒኤች በድንገት ሲወጣ ወደ መርዝነቱ ይመለሳል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ቀይሩ፤ እንዲህ እያላችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀጥሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡን። “አረጁ” የተባሉ ዓሦች ቀለማቸው ሲመለስ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ደስታዎች ትልቁ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ይፈዛሉ፣ በመጋቢት ይነቃሉ። ምንድን ነው?

ብርድ ነው። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ብለን ሂተር (የገንዳ ውኃ ማሞቂያ) እንንቃለን፤ ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በበጋው ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሂተር የሌለው ገንዳ ንጋት ላይ 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ለጎልድፊሽ ችግር የለውም። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ለሚፈልጉት ቤታ፣ ኤንጀልፊሽና ጋፒ ግን ምግብ የማይፈጭበትና በሽታ የሚበረታበት ቅዝቃዜ ነው። ቴርሞሜትር ግዙና ንጋት ላይ አንብቡት፤ የቀትሩ ንባብ ያታልላል። ሂተር እስኪገኝ ገንዳውን ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቁት፣ በሦስት ጎኑ በፎም ሸፍኑት፣ ምግብም ቀንሱ።

መብራት ከጠፋ በኋላ አሮጌዎቹ ዓሦች ለምን ቀድመው ይደክማሉ?

እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ በባሕር ጠረፍ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን እዚህ 6 ተኩል ገደማ ነው። ያረጀ ዓሣ ስንጥቡ ስለደከመ ይህ ትንሽ ልዩነት ይከብደዋል። ስለዚህ ከውጭ አገር መጻሕፍት ላይ ያነበባችሁትን የዓሣ ብዛት እንዳለ አትውሰዱ፤ ቀንሱት። መብራት ሲጠፋ በጆግ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ገንዘቡን አትሳሱለት።

ሆዱ አብጧል፤ እንቁላል ነው ወይስ በሽታ?

ከላይ ሆናችሁ እዩት። ቅርፊቶቹ እንደ ጥድ ፍሬ ወደ ውጭ ከቆሙ ሰውነቱ ውኃ ቋጥሯል፣ ኩላሊቱ እየደከመ ነው፤ ይህ ከባድ ሕመም ነው። ቅርፊቱ ለስልሶ ተኝቶ ሴቷ በደንብ ከበላች እንቁላል ወይም ጫጩት ሊሆን ይችላል።

ከጣና ዳር በመረብ የያዛችኋቸውን ትናንሽ ዓሦች ገንዳ ውስጥ አስገብታችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አስቡ። በሐይቁ ትናንሽ ባርበስ ዓሦች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የተባለ ነጭ ጠፍጣፋ ትል ይገኛል። ትሉ ከዓሣው ሰውነት ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው፤ ሆዱን ይነፋዋል፣ መዋኘቱን ያከብደዋል፣ እንዳይራባም ያደርገዋል። የሕይወት ዑደቱ በዓይን በማይለዩ የውኃ ነፍሳት ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ዓሣ፣ ከዚያም ዓሣውን ወደሚበላ ወፍ ያልፋል። ጣና ላይ ዓሣ የሚለቅሙ ወፎች ምን ያህል እንደሆኑ ለምታዩ ይህ ዑደት ለምን እንደማይቋረጥ ግልጽ ነው። ለዓሦቻችሁ ከሐይቁ ነፍሳት እየቀዳችሁ የምትመግቡ ከሆነ አቁሙ፤ ይህ ትል በዚያው መንገድ ነው የሚገባው።

ዓይኑ ነጭ ሆነ።

ነጩ ከውስጥ፣ ከብሌኑ ከሆነና ቀስ ብሎ ከመጣ የዓይን ሞራ ነው፤ በሽማግሌ ዓሣ የተለመደ ነው፣ አይድንም፣ አይገድልም። ከላይ እንደ ጉም ከጋረደውና በቀናት ከመጣ ብዙውን ጊዜ ቁስል ወይም የውኃ መቆሸሽ ነው። ውኃ ቀይሩ።

ሰውነቱ ላይ እንደ ጨው ነጠብጣብ ወጣ፤ ከዕድሜ ሊሆን ይችላል?

በፍጹም። ኢክ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ካልታከመ ገንዳውን ሙሉ ይጨርሳል። የውኃውን ሙቀት ቀስ እያላችሁ ወደ 28 ወይም 29 ዲግሪ አድርሱ፣ በሊትር 2 ግራም ጨው በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ ጨምሩ፣ እስከ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሞቃት ውኃ ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ እዚህ ደግሞ አስቀድሞ ያነሰ ስለሆነ፣ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን መሥራት አለበት። ኮሪዶራስ የሚባለው የገንዳ ግርጌ ዓሣና ተክል ካለ ጨውን አሳንሱ፤ ጨው አይወዱም።

ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቼ ብጨምርስ?

እባካችሁ አታድርጉት። እርጅናን አያድንም፣ ጥገኛ ትልን አይነካም፣ የዓሣ ቲቢን አይፈውስም። ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል ግን ይችላል፤ ከዚያ አሞኒያ ይወጣና ደህነኞቹም ይታመማሉ። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማራባት ደግሞ ለሰውም ጠንቅ ነው።

አጣርቼ እርጅና ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ላድርግለት?

ኑሮውን አቅልሉለት። የፊልተሩን ግፊት ቀንሱ፣ የሚጋጩትንና የሚያባርሩትን ወጣቶች ለዩ፣ የሚያርፍበት ሰፋ ያለ ቅጠል ከውኃው ወለል አጠገብ አድርጉ። ቤታ አየር ከላይ የሚስብ ስለሆነ የውኃውን ከፍታ ዝቅ አድርጉለት። ምግቡን አድቅቃችሁ፣ በውኃ አርሳችሁ፣ በቀን ሁለት ጊዜ በጥቂቱ አፉ አጠገብ ስጡት። ለጎልድፊሽ በደንብ የተቀቀለ አተር ቅርፊቱ ተልጦ ቢሰጠው ሆዱን ያለሰልስለታል። መብራት ድንገት አታብሩበት። እንዲህ የተያዘ ሽማግሌ ዓሣ ወራት ይቆያል፤ እነዚያ ወራትም ዋጋ አላቸው።

ከምገድለው ጣና ውስጥ ብለቀውስ? ነፃ ይወጣል።

አይሆንም። ይህንን የምለው ሐይቁን ስለምወድ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ያለው ውኃ ከታችኛው ዓባይ ተለይቶ ስለኖረ፣ ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ዓሣ አስጋሪዎቻችን ነጭ ዓሣ የሚሏቸው። ጎልድፊሽ የእነዚህ ዘመድ ነው፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው። ስለዚህ እናንተ ገንዳ ውስጥ ያለ ጥገኛና ቫይረስ ለእነሱም ሊስማማ ይችላል። የታመመ ይሁን ያረጀ የማታውቁትን ዓሣ ወደዚያ መልቀቅ በሽታውን ለሐይቁ መስጠት ነው። ደህነኛ ከሆነም በሌሎች አገሮች የተለቀቀ ጎልድፊሽ ተራብቶ የሐይቆችን ግርጌ እየቆፈረ ውኃ አደፍርሷል። ከውጭ የመጣ አንድ ነገር ጣናን ምን እንደሚያደርገው እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አሳይቶናል።

የገንዳ ውኃና የተነቀለ ተክልም ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ አይፈስስ። ውኃውን ግቢያችሁ ያለው ዛፍ ሥር አፍስሱት፣ ማዳበሪያ ነው። ተክሉን በፀሐይ አድርቃችሁ ጣሉት።

እየተሰቃየ ነው፤ አይድንም። እንዴት ላሳርፈው?

ሽንት ቤት መጣል፣ በሕይወቱ ፍሪጅ ውስጥ መክተትና ከውኃ አውጥቶ መተው ስቃዩን ያበዛሉ። የተሻለው የቅርንፉድ ዘይት ነው። በትንሽ ጠርሙስ ሞቅ ያለ የገንዳውን ውኃ አድርጉ፣ ለአንድ ሊትር 0.4 ሚሊ ሊትር የሚሆን ዘይት ጨምራችሁ እስኪነጣ በኃይል ናጡት፤ ዓሣው ባለበት ዕቃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። መጀመሪያ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ስንጥቡ ይቆማል። ስንጥቡ ከቆመ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተዉት። ልጆች ካሉ ምን እንደምታደርጉና ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሞቶ ካገኘሁት በኋላ ምክንያቱን ማወቅ እችላለሁ?

ቶሎ ካገኛችሁት ትንሽ። ጓንት አድርጋችሁ ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፦ ደማቅ ቀይ ከሆነ ደህና፣ የገረጣ ወይም ቡናማ ከሆነ ውኃው ላይ ችግር ነበር። ከፊንጢጣው ቀይ ክር ብቅ ብሎ ከሆነ ካማላነስ የተባለ ትል ነው፤ ሌሎቹም መታከም አለባቸው። ሰዓታት ካለፉት ግን መበስበሱ ምልክቱን ስለሚያጠፋ ከሬሳው ይልቅ ሌሎቹን ተመልከቱ። ወዲያው አውጡት፣ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ሩቡን ውኃ ቀይሩ፣ የሞተበትን ቀንና ያያችኋቸውን ምልክቶች የግዢው ቀን ያለበት ወረቀት ላይ ጻፉ። የቀሩትን ለአንድ ወር ያህል በየጠዋቱ ምግብ ስትሰጡ አንድ በአንድ እዩ፤ እስከዚያ አዲስ ዓሣ አታስገቡ።